ትሮማ ሴንተር አይደለንም ማለት ቁስለኛ አይመጣብንም ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልድገመው። አሜሪካ ውስጥ ትሮማ ሴንተር (ለከባድ ቁስለኛ የተዘጋጀ ሆስፒታል) ባልሆነ መካከለኛ ሆስፒታል የኢመርጀንሲ የሌሊት ሺፍት ነርስ ነሽ፣ አገር ቤትም ሰርተሻል፣ ሰሞኑን ስብሰባ ላይ "የጅምላ ተኩስ ቢደርስ ምን እናደርጋለን" ብለሽ ስትጠይቂ ማናጀርሽ "አምቡላንሶቹ በቀጥታ ትሮማ ሴንተር ነው የሚወስዷቸው፣ እኛን ብዙም አይመለከተንም" አለችሽ፣ አንቺ ግን አልተዋጠልሽም። እውነቷን ነው ወይ፣ ካልሆነስ እንደኛ ያለ ሆስፒታል ምን ያዘጋጅ፣ ሌሊት ጥቂት ሆነን ቢመጣብን መጀመሪያ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። እኔ የድንገተኛ ህክምና ሀኪም ነኝ፣ ትሮማ ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ጉዳዩ እንቅልፍ የሚነሳኝ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አርጌ ነው የምመልስልሽ።

እውነቷን አይደለም። አምቡላንስን በተመለከተ ያለችው ልክ ነው፣ ፕሮቶኮሉ እንደዛ ነው የሚለው፣ ግን የተመታ ሰው አምቡላንስ አይጠብቅም። ጓደኛው ወይ ባሏ ወይ የማያውቀው ሰው አንስቶ መኪና ውስጥ ይከተውና ስልኩ ላይ "ሆስፒታል" ብሎ ይፈልጋል፣ ስልኩ ደግሞ ቅርብ ያለውን ነው እንጂ ትሮማ ሴንተር የሆነውን ለይቶ አያሳየውም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሆስፒታላችሁ ሌቭል ስንት ነው (የትሮማ ደረጃው ማለት ነው፣ 1 ከፍተኛው ነው) የሚለው አይደለም፣ ከስታዲየሙ ከሞሉ ከኮንሰርቱ ቦታ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው የሚለው ነው። አንዴ በራችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ ኤምታላ የሚባለው የ1986 ህግ አለ፣ ሳታዩትና ሳታረጋጉት ሂድ ወደዛ ማለት አይቻልም።

ላስቬጋስን ውሰጂ፣ እዛ ያሉ ሀበሾች መቼም የማይረሱት ሌሊት ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ከምሽቱ 4 ሰአት ካለፈ በኋላ ከማንዳሌይ ቤይ ሆቴል 32ኛ ፎቅ ወደ 22 ሺህ ሰው በተሰበሰበበት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ሰውየው ለ10 ደቂቃ ያህል ተኮሰ፣ ከ400 በላይ ሰው በጥይትና በፍንጣሪ ተመታ፣ ያኔ 58 ሰው ሞተ ተባለ፣ በኋላ በቁስላቸው የሞቱ ሁለት ተጨምረው 60 ሆነ። ያኔ ላስቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ሌቭል 1 ትሮማ ሴንተር ዩኤምሲ የሚባለው ሆስፒታል ብቻ ነበር። በማናጀርሽ ሂሳብ ብዙው ወደዛ መሄድ ነበረበት አይደል? ዩኤምሲ የደረሰው 104 ሰው ነው። ሌቭል 2 የሆነው ሰንራይዝ ሆስፒታል ግን ለቦታው ስለሚቀርብ ከ200 በላይ መጣበት። ዴዘርት ስፕሪንግስ ጭራሽ ትሮማ ሴንተር አልነበረም፣ እሱም ብዙ ቁስለኛ ተቀብሏል። በዛ ላይ መሀል ላይ ዩኤምሲ ሞልቷል የሚል የተሳሳተ ወሬ ተሰራጭቶ ሰው ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲዞር አርጓል። አብዛኛው የመጣው በግል መኪና፣ በፒካፕ፣ በታክሲ፣ በኡበር ነው። የቬጋስ ታክሲና ኡበር ላይ ስንት የኛ ልጅ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ሆስፒታል ውስጥ ለምንሰራው ብቻ አይደለም።

አንድ ቦታ ብቻ የሆነ እንዳይመስልሽ። በ2012 ኮሎራዶ ኦሮራ ሲኒማ ቤት ውስጥ 12 ሰው ሲገደል ፖሊሶች አምቡላንስ መጠበቁን ትተው ከ20 በላይ ቁስለኛ በራሳቸው መኪና ጭነው ነው ሆስፒታል ያደረሱት፣ ብዙዎቹም በዛ ምክንያት ተርፈዋል። በ2016 ኦርላንዶ ፐልስ ክለብ 49 ሰው ሲገደል ትሮማ ሴንተሩ እዛው አጠገብ ነበር፣ 44 ቁስለኛ ደረሰው፣ ዘጠኙ እንደገቡ ሞቱ፣ የቀሩት 35ቱ ግን አንድም ሳይሞት ዳኑ። ላንቺ ሆስፒታል የሚጠጋው ደግሞ የኖርዌይ ታሪክ ነው፣ በ2011 ኡቶያ ደሴት ላይ 69 ሰው፣ አብዛኛው ወጣት፣ ሲገደል 35 ቁስለኛ የደረሰው በቅርቡ ያለው ሪንገሪከ የሚባል ትንሽ የአካባቢ ሆስፒታል ነው። በአንድ ምሽት 35 ሰው በናንተ በር ቢገባ ብለሽ አስቢው እስቲ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የሚመጡበት ቅደም ተከተል ነው። ቀድመው የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ቀላል የተጎዱት ናቸው፣ መሮጥና መኪና ውስጥ መግባት ስለቻሉ። እግሩን የተቧጨረው፣ አጥር ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ እጁን ጥይት ጨርፎት ያለፈው መጥቶ አልጋችሁን በሙሉ ይሞላዋል፣ ከዛ 15 ደቂቃ ቆይቶ ደረቱን የተመታው ሲመጣ የሚተኛበት የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዎች እንደ ዘወትሩ አልጋ ላይ አስተኝታችሁ ቻርት መክፈት ከጀመራችሁ ገና ከጅምሩ ተሸንፋችኋል።

እኔም ይሄን የተማርኩት በክፉ መንገድ ነው። ድሮ የሰራሁበት አንድ ሆስፒታል በየአመቱ ድሪል (የአደጋ ልምምድ) ይሰራ ነበር፣ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰአት ላይ፣ ሁሉም ሰው ከሳምንት በፊት በኢሜል ተነግሮት፣ ቁስለኛ የሚሆኑት ተማሪዎች በየአምስት ደቂቃው አንድ በአንድ በአምቡላንስ በር እየገቡ፣ ካርዳቸው ላይ የቁስሉ አይነት ተጽፎ። ሁልጊዜ በጥሩ ውጤት ነበር የምናልፈው። ከዛ አንድ ቅዳሜ ሌሊት ፓርቲ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሰባት ሰው በሶስት መኪና መጣብን፣ ማንም አልደወለልንም፣ አንደኛው መኪና ደግሞ በኢመርጀንሲ በር ሳይሆን በዋናው መግቢያ ነው የቆመው፣ ሌሊት እዛ ያለው አንድ ጥበቃ ብቻ ነው፣ እሱም ዊልቸር ፍለጋ ሲሮጥ አንድ የ19 አመት ልጅ ሎቢው ወለል ላይ ደሙ ፈሰሰ። በህይወት ወደኛ ደርሷል፣ ግን አላተረፍነውም። እነዛን ደቂቃዎች ዛሬም እቆጥራቸዋለሁ። ድሪላችን ውስጥ ያ በር አልነበረም።

ለዛ ነው ዝግጅት ሲባል እኔ ከዕቃ በፊት ከበሩ የምጀምረው። ሌሊት ስንት በር ክፍት ነው? መኪናዎች ተደርድረው መንገዱን እንዳይዘጉ ማነው የሚያስተናግደው? ስትሬቸሮቹና ዊልቸሮቹ የት ናቸው፣ ማነው ወደ ውጭ የሚገፋቸው? የሰንራይዙ የዛን ሌሊት ሀኪም ዶክተር ኬቨን ሜኔስ በኋላ በጻፈው ላይ እንዳለው እንዲህ አይነት ቀን ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ለራሱ ሲያወጣ ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ወሬው እንደተሰማ ያለውን ስትሬቸርና ዊልቸር ሁሉ ወደ ውጭ አስወጣ፣ እራሱ በር ላይ ቆመና ሰዎቹን ከመኪና ሲወርዱ እያየ በቦታ በቦታ ለያቸው። የጉዳቱን ደረጃ የሚያሳይ ባለ ቀለም ካርድ በማሰር ብዙ ጊዜ አላጠፋም፣ ክፍሉ እራሱ ካርድ ሆነ፣ ቀይ የሚባለው (በጣም የከፋው) አንድ አካባቢ፣ ቢጫው (መካከለኛው) ሌላ፣ አረንጓዴው (ቀላሉ) ሌላ። በኔ እይታ ትልቁ ብልሀቱ ግን በቀይና በቢጫ መሀል ብርቱካናማ ብሎ የጨመረው ቡድን ነው፣ ማለትም አሁን ያወራሉ፣ የደም ግፊታቸው ደህና ነው፣ ግን ጥይቱ የገባበትን ቦታ ስታይ በሰአት ውስጥ እንደሚወድቁ የምታውቂያቸው። እነሱን ቢጫ ብለሽ ጥግ ላይ ካስቀመጥሻቸው ዝም ብለው ይሞቱብሻል። ስለዚህ ትሪያጅ (ቁስለኛን እንደ ጉዳቱ ክብደት መለየት) አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በየቦታው አንድ ነርስ እየዞረች ደግማ ደጋግማ ማየት አለባት፣ ይሄ ስራ ደግሞ ያንቺ ነው፣ ከሀኪም የተሻለ የምትሰሩት እናንተ ናችሁ። እነዚህ ሰዎች ደም ስራቸው ሳይጠፋ ገና በሚያወሩበት ሰአት ትልልቅ አይቪ (ደምና ፈሳሽ በደም ስር የሚሰጥበት ቱቦ) ማስገባት ብቻውን ነፍስ ያተርፋል።

ስለ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ላይ የሚታሰር ማጥበቂያ) ጠይቀሽ ነበር፣ እሱን በጥንቃቄ ልመልስልሽ። ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ሀኪሞች ተሰባስበው ባደረጉት ጥረት በ2015 ስቶፕ ዘ ብሊድ (ደሙን አቁሙ) የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ኮርሱን ውሰጂ፣ ቤተክርስቲያንም መስጊድም አስተምሪው። የእጅና የእግር ደም ለማቆም ቱርኒኬትን የሚያክል የለም፣ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አርጎ፣ መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ ቀጥ እስኪል ማጥበቅና ሰአቱን መጻፍ ነው። ግን በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በ12 የጅምላ ተኩሶች የሞቱ 139 ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ ውጤት አይቶ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩት 7 ፐርሰንት ገደማ እንደሆኑ፣ ከነሱም ውስጥ ከእጅ ወይ ከእግር በፈሰሰ ደም የሞተ አንድም እንደሌለ ነው ያገኘው። ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ብዙዎቹ ደረታቸውን የተመቱ ናቸው። ይሄ ማለት ቱርኒኬት ገዝተን መደርደሪያ ስለሞላን ተዘጋጅተናል ማለት አንችልም ማለት ነው። ደረቱን የተመታውን ሰው የሚያድነው ቶሎ በር ላይ መድረሱ፣ አየሩንና ደሙን የሚያስወጣለት ቼስት ቲዩብ ቶሎ መግባቱ ነው። ነገ ስቶር ግቢና ቁጠሪ፣ ስንት የቼስት ቲዩብ ሴት አላችሁ? ሁለት ብቻ አግኝተሽ እንደምትደነግጪ እገምታለሁ።

ደም ደግሞ ሌላው ነው። ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ለማንኛውም ሰው የሚሆነው ኦ ኔጋቲቭ ደም ጥቂት ከረጢት ነው የሚኖረው፣ ለመጀመሪያው ሰው አፍስሰሽው ያልቃል። ወንዶችና መውለጃ እድሜ ያለፉ ሴቶች በድንገተኛ ጊዜ ኦ ፖዘቲቭ መውሰድ ይችላሉ፣ ኔጋቲቩ ለወጣት ሴቶችና ለሴት ልጆች ይቆያል፣ ይሄ ውሳኔ ግን አስቀድሞ በወረቀት ካልሰፈረ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ላብራቶሪው "አይፈቀድልኝም" ይልሻል። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው የደም መፍሰስ መቀነሻ መድሀኒት በተጎዱ በሶስት ሰአት ውስጥ ነው መሰጠት ያለበት፣ ቶሎ በተሰጠ ቁጥር ይሻላል፣ እና ብዙ ደም የወሰደ ሰው ካልሲየም እንደሚያንሰው፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደሙ እንደማይረጋ አትርሺ፣ ልብሱን ቀደሽ አይተሽ ስትጨርሺ ወዲያው አልብሺው። ከተኩሱ ማግስት ቬጋስ ውስጥ ሰዉ ደም ለመስጠት ረጅም ሰልፍ ይዞ ነበር፣ ልብ የሚነካ ነው፣ ግን ያን ሌሊት ነፍስ ያዳነው ደም ተኩሱ ሳይሰማ ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ነው። ስለዚህ ለሀበሻው ማህበረሰብ የምለው ዛሬ ስጡ ነው። አገር ቤት ወባ ያለበት አካባቢ ደርሰው የተመለሱ ሶስት ወር ይጠብቃሉ፣ በቅርብ የመጡ ደግሞ ረዘም ያለ ጊዜ፣ ከዛ በኋላ ግን መስጠት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ለዘላለም የተከለከለ መስሎት ነው የሚቀረው።

ኦፕሬሽን በሚመለከት እንደናንተ ያለ ቤት ሁሉንም እጨርሳለሁ ማለት የለበትም። ሰንራይዝ ውስጥ በመጀመሪያው 6 ሰአት 28 ዳሜጅ ኮንትሮል ኦፕሬሽን ነው የተሰራው፣ በ24 ሰአት 67። ዳሜጅ ኮንትሮል ማለት ከፍቶ ደሙን ማቆም፣ የተበሳውን አንጀት መዝጋት፣ ሆዱን ሳይሰፉ ሸፍኖ አይሲዩ (ጽኑ ህሙማን ክፍል) መላክ፣ የቀረውን በሌላ ቀን መጨረስ ነው፣ ጥሩ ሰርጀን ለሆነ ሰው በግማሽ ማቆም ከባድ ነው፣ ግን ሌላው በር ላይ እየጠበቀ ነው። እናንተ ጋ አንድ ሰርጀን ከቤቱ ተጠርቶ የሚመጣ ከሆነ የናንተ ዋና ስራ ደም ማቆም፣ መተንፈሻውን መክፈትና ወደ ትሮማ ሴንተር ማስተላለፍ ነው፣ ስልኩም መደወል ያለበት የመጀመሪያው ቁስለኛ እንደገባ ነው፣ ሲቲ ስካን ሁሉ ካለቀ በኋላ አይደለም። የትሮማ ሴንተሩ ቁጥር ግድግዳ ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) አልቆ ሁለት ሰው ባንድ ማሽን ላይ መደረጉን ሰምተሽ ከሆነ እውነት ነው፣ ሰንራይዝ ውስጥ ሆኗል፣ ግን በ2020 የሙያ ማህበራቱ ባንድ ላይ አታድርጉት ብለው መግለጫ አውጥተዋል፣ ስለዚህ በሱ ላይ እቅድ አትገንቡ፣ አምቡ (በእጅ የሚጨመቅ የመተንፈሻ ከረጢት) እየጨመቁ የሚያቆዩ ሰዎችን ማሰልጠን ይሻላል።

አሁን ማንም ትኩረት ስለማይሰጠው ነገር ልናገር፣ ስም። ሰዎቹ ሲሮጡ ቦርሳቸውንና ስልካቸውን ጥለው ነው የሚመጡት፣ ቬጋስም ብዙዎቹ መታወቂያ አልነበራቸውም። ስለዚህ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቁጥርና ጊዜያዊ ስም ያለው የእጅ ማሰሪያና ፎልደር በካርቶን ተቀምጦ መጠበቅ አለበት፣ ቢያንስ 50፣ ስሞቹም ሲነበቡ የማይመሳሰሉ ይሁኑ፣ ያልታወቀ 1 ያልታወቀ 2 እየተባለ ሲሄድ ነው የደም ከረጢት የሚሳሳተው። የኛ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። በስደት የመጣው ብዙው የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ስሙ ደግሞ መሀመድ አሊ ወይ ተስፋዬ ሀይሌ ነው፣ ሁለት እንደዛ አይነት ሰው ባንድ ሌሊት ቢገቡ ስምና የልደት ቀን ብቻ የሚያይ ሲስተም አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ባልና ሚስትም የመጨረሻ ስማቸው አንድ ስላልሆነ ሚስት በር ላይ ቆማ እያለቀሰች "ዘመድ መሆንሽን አሳዪ" ትባላለች። እኔ ይሄን በየስብሰባው አነሳለሁ፣ አንቺም አንሺው፣ ሌላው አያውቀውማ።

ቤተሰብ ሲነሳ፣ ከቁስለኛው ቁጥር በላይ ነው የሚመጣው፣ ከኢመርጀንሲው ራቅ ያለ ክፍል፣ ዝርዝር የያዘ ሰው፣ አስተርጓሚና የሀይማኖት አባት ያስፈልጋል። ጥበቃም እንደዛው። ኦርላንዶ ኦፕሬሽን እየተሰራ እያለ ታጣቂ ሆስፒታሉ ጋ መጥቷል የሚል ወሬ ደርሶ በሮቹን ዘግተው ነበር፣ ወሬው ሀሰት ሆኖ ተገኘ። በር ተዘግቶ ቁስለኛ በየት እንደሚገባ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ማናጀርሽን እንዴት ላሳምናት ላልሽው፣ በክርክር አይደለም። ሜዲኬር የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በአመት ሁለት ጊዜ የአደጋ ልምምድ ማድረግ ግዴታቸው ነው፣ ስለዚህ ድሪል እንጨምር አትበያት፣ ያለውን ድሪል ቅርጹን እንቀይረው በያት። አንዱን ሌሊት እናድርገው፣ ሳይነገር፣ በግል መኪና፣ ቀላሎቹ ቀድመው እየመጡ፣ አንደኛው በዋናው በር እየገባ። ፓሪስ ኖቬምበር 13 ቀን 2015 130 ሰው የተገደለ ጊዜ የአስቸኳይ ህክምና ቡድኖቹ የዛኑ ቀን ጠዋት በብዙ ቦታ የሚከፈት ተኩስን የሚመለከት ልምምድ ሰርተው ነበር፣ ማታ ጥሪው ሲመጣ አንዳንዶቹ ልምምዱ የቀጠለ ነው የመሰላቸው። እጃቸው ግን የሚሰራውን ያውቅ ነበር።

እና አገር ቤት መስራትሽን እንደ ጉድለት አድርገሽ መጻፍሽ ከነከነኝ። አገር ቤት ቁስለኛ በባጃጅ በሚኒባስ በሰው ትከሻ ነው የሚመጣው፣ ቀድሞ የሚደውል የለም፣ አልጋ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ህክምና ይሰጣል፣ ያለ ስካን በእጅና በጆሮ ይወሰናል። እዚህ ያሉት ባልደረቦችሽ ያን ሌሊት የሚገጥማቸውን አንቺ ኖረሽበታል። ስብሰባው ላይ ይሄን ብለሽ ተናገሪ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ሌሊት ነው፣ ሁለት ነርስና አንድ ሀኪም ናችሁ፣ በር ላይ መኪና እየጮኸ ነው። አንደኛ፣ ጮክ ብለሽ ነገሩን በስሙ ጠርተሽ "ማስ ካዥዋልቲ ነው፣ አሁን" (ብዙ ቁስለኛ ባንዴ መጣ ማለት ነው) በይ፣ ጥሪውን ለማወጅ ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ሀላፊ ነርስ) በቂ መሆኗ አስቀድሞ የተፈቀደ ይሁን፣ አስተዳዳሪ ከእንቅልፉ እስኪነሳ አይጠበቅም። ከዛ ኦፕሬተሯ ከፎቅ ሁሉ ሰው ታውርድ፣ ሬስፒራቶሪ (የመተንፈሻ ባለሙያዎች)፣ ላብራቶሪ፣ ጽዳትም ጭምር፣ ስትሬቸር መግፋት ማንም ይችላል። መራመድ የሚችሉ ታካሚዎች አልጋ ለቀው ወደ መጠበቂያ ክፍል ይሂዱ። ትሮማ ሴንተሩ ይደወልለት። አንቺ ጓንት አድርገሽ፣ ቱርኒኬትና ማርከር ኪስሽ ከተሽ በሩ ላይ ቁሚ፣ የሚራመደው ወደ ቀኝ፣ የማይራመደው ወደ ውስጥ፣ የሚደማ ካየሽ እዛው አስረሽ አሳልፊው፣ ማንንም አክመሽ ለመጨረስ ግን ከበሩ አትነሺ፣ ልብሽ ቢጎተትም፣ የሚተካሽ ሰው መጥቶ ትከሻሽን እስኪነካሽ ድረስ።